ሽቦአቸው የተቆረጠ ሦስት ካውያዎች

ሰፈሩ የሚያውቀው «ማን ላከህ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ቅጽሉን ያወጣለት ሌላ ሰው አይደለም፤ የገዛ አፉ ነው። ራዲዮ ወይም ካውያ ወይም የንፋስ ማራገቢያ ታቅፎ ወደ ጥገና ቤቱ የሚገባን ሰው፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ፣ ከመነጽሩ በላይ ያየውና «ማን ላከህ?» ይለዋል። «ኧረ ማንም አልላከኝም፣ ዕቃዬ ተበላሽቶ ነው» ያለ ሰው ይበልጥ ይጠረጠራል። «እገሌ ልኮኝ ነው» ያለ ደግሞ የእገሌን የዘር ሐረግ ሲጠየቅ ይቆያል። እንዲያም ሆኖ ደንበኛ አጥቶ አያውቅም። እጁ ወርቅ ነው፤ እሱ ነክቶት ሳይድን የቀረ ዕቃ ጥቂት ነው።

ጥገና ቤቱ ሁለት ወፍራም ሰዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ የሚሞላ ክፍል ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንገቷ የሚታጠፍ መብራት፣ በመጠናቸው የተደረደሩ ካቻቢቴዎች፣ የብሎን ጣሳዎች፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ መንገዱን ቁልጭ አድርጋ የምታሳይ ወንበር አሉ። ወንበሯን እዚያ ያስቀመጣት ለብርሃኑ ነው ይላል። ማንም አላመነውም።

የአሠራር ሥርዓቱ ከጥርጣሬው የተወለደ ነው። አንድ ዕቃ ሲረከብ ገና ሳይከፍተው፣ እያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጋል፤ ነገ ባለቤቱ «ሌላ ቦታ አስከፍተኸዋል» ቢለው ማስረጃ ይሆነዋላ። ከውስጥ የሚያወጣትን የተበላሸች ዕቃ ደግሞ፣ የሽቦ ቁራጭ እንኳ ብትሆን፣ በፖስታ አሽጎ ለባለቤቱ ያስረክባል፤ ያስፈርማልም። የጥፍር ቀለሙ የሚስቱ ነው። «የኔ ጥፍር ሳያምር የሰው ብሎን አማረ» ትለዋለች። እሱም ፈገግ ሳይል «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ይመልስላታል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው በኋላ ነው። ድሮ ጠረጴዛው የሁለት ሰው ነበር፤ የእሱና የታናሽ ወንድሙ። ሙያውን ያስተማራቸው አባታቸው ነው፤ ሲሞትም «አንድ መብራት ለሁለታችሁ ይበቃል» ብሏቸው ነው የሞተው። ታዲያ ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ተጠግኖለት የወሰደውን ራዲዮ መልሶ አመጣና «ውስጡ የነበረው ደህና ዕቃ ወጥቶ የማይሆን ዕቃ ገብቶበታል» ብሎ ሰፈሩን ቀወጠው። ራዲዮውን የሠራው ታናሹ ነበር። ማን ላከህ በደንበኛው ፊት ወደ ወንድሙ ዞረና «ደህናውን የት አደረስከው?» አለው። ወንድሙ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አልወሰድኩም አላለም፤ ወሰድኩም አላለም። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እንዲህ ካልከኝ አብረን መሥራታችን እዚህ ላይ አበቃ» ብሎ መሣሪያውን በከረጢት ሰብስቦ ወጣ። የሄደበትም ሩቅ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ፣ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ። ማን ላከህ ግን፣ ለማንም አይናገረው እንጂ፣ አንድ ቀን ወንድሙ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ አንዲት ቃል እንዲናገረው ይጠብቅ ነበር። አዎ ወሰድኩ ቢለውም እንኳ ይቅር ሊለው ተዘጋጅቶ ነበር። ዝምታውን ነው ያልቻለው።

የካውያዎቹ ነገር የጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ንጹሕ የለበሰች ሴት ካውያ ይዛ ገባች።

«ማን ላከሽ?»

ሴትየዋ ደንገጥ አለችና «ማንም» አለች። ቀጥላም «እኔ ስለ ዕቃ ምንም አላውቅም፤ እርስዎ ያሉትን አደርጋለሁ» አለችው።

ካውያውን ከፈተ። ስፒናው ደህና፣ ገመዱ ደህና፣ ማሞቂያው ደህና። ውስጥ፣ ከእጀታው ሥር፣ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተቆርጣለች። ጫፎቿን ገጥሞ በስታኞ ሊበይዳት መበየጃ ብረቱን አነሣና እጁ ቆመ። የተቃጠለ ሽቦ ይጠቁራል። አይጥ የበላው ይንጨባረራል። ከመታጠፍ ብዛት የተበጠሰ ደግሞ ጫፉ ይቀጥናል። ይህቺ ግን ሁለቱም ጫፎቿ ያብረቀርቃሉ፤ ሰው በምላጭ እንደቆረጣት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቢሆንም በየደላት፣ የእጁን ዋጋ ተቀበለ፣ የተረፈችውን የሽቦ ጫፍ በፖስታ አሽጎ አስፈረማትና ሸኛት። ያን ቀን ግን ያቺን ሽቦ ሲያስብ ዋለ።

በሳምንቱ አንድ ሰውዬ መጣ። ካውያው የዚያኛው መንትያ ነው። «እኔ ስለ ዕቃ ምንም አላውቅም፤ እርስዎ ያሉትን አደርጋለሁ» አለ ሰውዬው።

እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። ሰው ካውያ ሲበላሽበት ይነጫነጫል፤ ሻጩን ይረግማል፤ ልጆቹን ይከሳል። «እርስዎ ያሉትን አደርጋለሁ» የሚል የካውያ ባለቤት ማን ላከህ በሠላሳ ዓመት ሙያው አላጋጠመውም፤ ያውም ሁለት ሰው፣ በአንድ ሳምንት፣ ቃል በቃል! ከፈተው። ያው ቦታ፣ ያው ሽቦ፣ ያው የሚያብረቀርቅ ጫፍ።

«ወጥመድ ነው» አለ ለራሱ። «ሽቦ እየቆረጠ ሥራ ይፈጥራል ሊያሰኘኝ የተነሣ ሰው አለ።»

ስለዚህ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ነገ በዚህ ካውያ አንድም ክስ እንዳይነሣበት ገመዱን በአዲስ ለወጠው፤ ሙቀት መቆጣጠሪያውን በአዲስ ለወጠው፤ ስፒናውን ሳይቀር ለወጠው። የለወጠው ሁሉ ከራሱ ጣሳ የወጣ ነው፤ አምስት ሳንቲም አልጨመረበትም። አሮጌዎቹን በትልቅ ፖስታ አሽጎ ሰጠውና «ለላከህ ሰው አሳየው፤ ምንም አላስቀረሁበትም» አለው። ሰውዬው ፊቱ ቀላ። መቅላቱ ለማን ላከህ በቂ ምስክር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራ በእጁ፣ ዓይኑ በመንገዱ ሆነ። ሚስቱ ምሳውን ይዛ ስትመጣ ወንበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አገኘችው።

«ምን እየጠበቅክ ነው?»

«ሦስተኛውን።»

«ሦስተኛው ምን?»

«ካውያ ነዋ! ሁለት መጥቶ ሦስተኛው አይቀርም።»

«አንተ ሰውዬ» አለች ሳህኑን እያስቀመጠች፣ «ካውያ ለጠጋኝ ካልመጣ ለማን እንዲመጣ ፈልገህ ነው?»

ሦስተኛው ከአራት ቀን በኋላ መጣ፤ የመጣበትን መንገድ ደግሞ ማን ላከህ በገዛ ዓይኑ አየው። ከረጢት የያዘ ሰው ከማዶ ወደ ወንድሙ ሱቅ ገባ። ጥቂት ቆየ። ወጣ። መንገዱን ግራ ቀኝ አይቶ ተሻገረና ቀጥ ብሎ ወደ እሱ መጣ። ከረጢቱን ሲከፍት ካውያ ነው።

«እኔ ስለ ዕቃ ምንም…»

«ዝም በል!» አለው ማን ላከህ። ካውያውን ቀምቶ ከፈተው። የተቆረጠ ሽቦ። እጅ ከፍንጅ ተይዟል ማለት ይህ ነው። ካውያውን በአንድ እጁ፣ ክዳኑን በሌላ እጁ እንደያዘ፣ ሰባት ዓመት ያልረገጠውን መንገድ በአሥራ ሁለት እርምጃ ተሻገረ።

ወንድሙ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ነበር።

«ሽቦ በምላጭ እየቆረጥክ ሰው ትልክብኛለህ?» ብሎ ጮኸ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ስትጎነጉን የኖርከው ይኼንን ነው? ያኔ ሠርቀህ ወጣህ፤ አሁን ደግሞ ስሜን ልትሠርቅ ነው?»

ሰው ተሰበሰበ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ። ማን ላከህ ካውያውን ከወንድሙ አፍንጫ ሥር አድርጎ «እየው! የእጅህን ሥራ እየው!» አለው።

ወንድሙ ቀና አለ። ዓይኑን ግን በማን ላከህ ዓይን ላይ አላሳረፈም፤ ከጆሮው ጎን ወዳለ ባዶ ቦታ ነበር የሚመለከተው። ማን ላከህ ይህንንም መዘገበበት፤ ጥፋተኛ ሰው ዓይን ለዓይን አይገጥምም።

«ምን እንድልህ ትፈልጋለህ፣ ጋሼ?» አለ ወንድሙ በዝግታ።

«እውነቱን!»

ወንድሙ ዝም አለ። ያው የድሮው ዝምታ። ማን ላከህ በንዴት ወጣ። ባለ ካውያው በጥገና ቤቱ በር ላይ ቆሞ ላብ አጥምቆታል። ዕቃውን አስታቅፎት «አልሠራም፤ ንካው ብትሉኝም አልነካውም» ብሎ አባረረው። በማግስቱ የወንድሙ ሱቅ አልተከፈተም። በሠልስቱም አልተከፈተ። «ሸሸ» አለ ማን ላከህ ለሚስቱ። ሚስቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሳታናግረው ሰነበተች።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች ሴት ወረቀት ታቅፋ ገባች። ዕቃ አልያዘችም። ማን ላከህ ከላይ እስከ ታች አያት።

«ማን ላከሽ?»

«ከዩኒቨርሲቲው ነው፤ ከኢኮኖሚ ትምህርት ክፍል። ይቅርታ ለመጠየቅና ፈቃድዎን ለመጠየቅ ነው የመጣሁት።»

ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይዞ የሚመጣ ሰው ለማን ላከህ ሁለት ጊዜ ይጠረጠራል። ቢሆንም ወንበር ሰጣት። ሚስቱም ምሳ ይዛ መጥታ ነበርና ጥግ ላይ ቆመች።

ተመራማሪዋ አስረዳች። የሚያጠኑት ሰው እንዴት እንደሚወስን ነው። ባለ ዕቃው ምን እንደተበላሸ አያውቅም፤ ጠጋኙ ያውቃል፤ እና አዋቂው ማንም እንደማያየው ሲያምን ምን ያደርጋል? ትክክለኛውን ይሠራል? ወይስ ያልተበላሸውንም ይለውጣል? ይህንን ለማወቅ በከተማው ወዳሉ ጥገና ቤቶች ደንበኛ የሚመስሉ ሰዎች ልከዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ካውያ ይይዛሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ይናገራሉ።

ማን ላከህ አፉን ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሽቦውን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?» አለ።

«እኔና የሥራ ባልደረባዬ።»

«በምላጭ?»

«በምላጭ።»

«ኢኮኖሚ እኮ የገበያና የባንክ ትምህርት ይመስለኝ ነበር! ምላጭም ያስተምራሉ?»

ተመራማሪዋ መሳቅ አልቻለችም፤ ፊቱ የሚያስቅ አልነበረም። «ሳንነግርዎ ማድረጋችን ልክ ነው አልልዎትም» አለች። «ብንነግርዎ ግን እንደ ወትሮው አይሠሩም ነበር። ስለዚህ አሁን መጥቼ ልጠይቅዎ ይገባል፤ እምቢ ካሉ የእርስዎ መረጃ ይሰረዛል።»

«ምን ብላችሁ ነው የጻፋችሁኝ?»

ወረቀቷን ገለጠች። «የመጀመሪያው ካውያ፦ ተገቢ ጥገና። ሁለተኛው፦ አላስፈላጊ ጥገና፣ ሦስት ደህና ዕቃዎች ተለውጠዋል። ሦስተኛው፦ ሥራውን አልተቀበለም። እውነቱን ለመናገር ለጥናታችን አስቸግረውናል። በሦስት ካውያ ሦስት ዓይነት ሰው ሆነዋል።»

«አላስፈላጊ!» ብሎ ተነሣ። «እኔን አታላይ ልትይኝ ነው? በነፃ እኮ ነው የለወጥኩት! ከገዛ ጣሳዬ አውጥቼ!»

«አዎ፤ ግን ቅጹ ላይ ለእሱ ቦታ የለውም።»

«እንግዲያው ቦታ አድርጊለት!»

ሴትየዋ እስክሪብቶ አወጣችና ጠርዙ ላይ «በነፃ» ብላ ጻፈች። ማን ላከህ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። «ከገዛ ጣሳው» የሚለውንም አስጨመራት። ሊፈርም እጁን ከዘረጋ በኋላ ግን ድንገት ቆመና ወደ መስኮቱ አየ።

«አንድ ነገር ንገሪኝ። ሦስተኛው ሰውዬ ወደ እኔ የመጣው ከሌላ ሱቅ ገብቶ ወጥቶ ነው። አይቼዋለሁ። ለምን?»

«እሱንም ልነግርዎ ፈልጌ ነበር» አለች። «እርስዎ በዝርዝራችን ውስጥ አልነበሩም። ሦስቱም የተላኩት ወደ አንድ ሌላ ሱቅ ነው። የትኛው እንደሆነ መናገር አልችልም። የዚያ ሱቅ ባለቤት ግን ሦስቱንም ሳይቀበል ወደ እርስዎ ላካቸው። ሠራተኞቻችንም ካውያውን ይዘው መጡ፤ እርስዎ በጥናቱ የገቡት እንዲህ ነው።»

የትኛው ሱቅ እንደሆነ መናገር አልችልም ትበል እንጂ፣ በመስኮቱ በኩል የሚታየው ሱቅ አንድ ነው። ማን ላከህ መነጽሩን አወለቀ።

«ምን ብሎ ላካቸው?»

ገልጣ አነበበችለት፦ «ባለ ሱቁ ካውያውን ተቀብሎ በጣቱ ዳሰሰው። ሳይከፍተው መለሰልኝና እንዲህ አለ፦ ከመንገዱ ማዶ ሂድ። ይነጫነጭብሃል፣ ማን ላከህ ይልሃል። እኔ እንደላክሁህ እንዳትነግረው። ግን አያታልልህም፤ ከእሱ የሚሻል ሠሪም የለም።» ቀና አለች። «ሦስቱም የጻፉት ከዚህ የተለየ አይደለም።»

ከጥጉ የሚስቱ ድምፅ መጣ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች።

«ለምን?» አለ ማን ላከህ። «ለምን ይልካቸዋል?»

«ቅጹ ምክንያት አይጠይቅም» አለች ተመራማሪዋ። እሱም ፈረመ።

ተመራማሪዋ ከሄደች በኋላ ተቀምጦ ድምፁን እያሰማ አሰበ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው አልቅሶ፣ ጨርቄን ማቄን ሳይል መንገዱን ይሻገር ነበር። ማን ላከህ ግን የወንድሙን ደግነት ገልብጦ የጀርባውን ብሎን ይፈልግ ጀመር። ገበያውን በነፃ የሚሰጥ ነጋዴ ማን አለ? ምናልባት ጥናቱን ቀድሞ አውቆ ይሆናል። ምናልባት በደግነቱ ሊያሳፍረኝ ነው። ምናልባት ሥራው ሰልችቶት ነው።

«ሦስት ቆጠርክ» አለች ሚስቱ። «አራተኛውን እዚያው ሄደህ ጠይቀው። ሱቁ ትናንት ተከፍቷል።»

ሄደ። መንገዱ በዚህኛው ጊዜ ረዘመበት። የወንድሙ በር ገርበብ ብሏል። ወንድሙ ከጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ የንፋስ ማራገቢያ ይዟል፤ በግራ እጁ አመልካች ጣት ብሎኑን ፈልጎ ያገኝና፣ ካቻቢቴውን በጣቱ ጥፍር ላይ አንሸራትቶ ይገጥማል። አመለጠው። እንደገና ፈለገ። መብራቱ አልበራም። ማን ላከህ ሁለት እርምጃ ላይ፣ ፊት ለፊቱ፣ ቆሟል።

«ማነው?» አለ ወንድሙ።

ማን ላከህ አንድ እርምጃ ተጠጋ። ወንድሙ አንገቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ በዓይኑ ጠርዝ ፈለገው፤ ያ ከጆሮ ጎን የሚያይ አስተያየት ነው።

«ጋሼ?»

«ዓይንህ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«መሐሉ ነው የጠፋው። ዳር ዳሩን አያለሁ፤ ስለዚህ እሄዳለሁ፣ ሰው ሰላም እላለሁ፣ ማንም አያውቅብኝም። ፊት ለፊት ያለው ነገር ነው የማይታየኝ። ትልልቁን ዕቃ በእጄ እሠራለሁ። ቀጫጭን ሽቦ ያለበትን ግን ወደ አንተ እልካለሁ። ካውያ ብቻ መሰለህ? ሰው መላክ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ማን ላከህ ሁለት ዓመት ሙሉ «ማንም አልላከኝም» ያሉትን ሰዎች ሁሉ አሰበ። እዚያው የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ያኔስ? ራዲዮው?»

ወንድሙ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «ያኔ ጀማምሮኝ ነበር። አልሠረቅሁም፣ ጋሼ። ግን አልተሳሳትኩም ብዬ መማልም አልቻልኩም። ሁለቱ ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። የቱን እንዳስገባሁ ዛሬም አላውቅም። ምን ልበልህ?»

«አላየሁም አትለኝም ነበር? ሰባት ዓመት! ለምን አልነገርከኝም?» ድምፁ ተሰበረ፤ አፍሮ ነበር፣ ማፈሩም አናደደው።

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?» ወንድሙ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ቂም የለበትም። «አውቅህ የለ? ፊቴ ላይ ጣትህን ዘርግተህ ስንት ነው ትለኝ ነበር። አሁንም ዘርግተሃል፣ አይደል?»

ማን ላከህ ቀኝ እጁን አየ። ሦስት ጣቶቹ ከወንድሙ ፊት አንድ ስንዝር ላይ ቆመዋል። መቼ እንዳነሣቸው አያውቅም። የወንድሙ ዓይን አልተርገበገበም። ቀስ ብሎ አወረዳቸውና ጉልበቱ ላይ አሳረፋቸው።

«አልዘረጋሁም» አለ።

«ይሁን» አለው ወንድሙ፣ ብሎኑን በጣቱ እየፈለገ። «አምኜሃለሁ።»